የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት

ሰው በተሳካለት ቀን አጨብጫቢ አያጣም፤ እውነተኛ ጠባዩ ግን የሚታወቀው መከራ በደረሰበት ቀን ነው። የሻምበል አበበ ቢቂላ ሕይወት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

አበበ የተወለደው ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በደብረ ብርሃን አካባቢ ጃቶ በምትባል መንደር ነው። በልጅነቱ ከብት ሲጠብቅ አደገ፤ ኋላም ወደ አዲስ አበባ መጥቶ በክብር ዘበኛ ጦር ውስጥ ወታደር ሆነ። በዚያም ኦኒ ኒስካነን የተባለው ስዊድናዊ አሠልጣኝ ችሎታውን ተመልክቶ ለረጅም ርቀት ሩጫ አዘጋጀው።

ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፥ በዘመን መለወጫ ዋዜማ፥ የሮማ ኦሎምፒክ የማራቶን ውድድር ተደረገ። አበበ ጫማው እግሩን ስላልተስማማው ባዶ እግሩን ተሰለፈ። በዚያ ዘመን በእንፍራንዝም ሆነ በሌላው የባላገር ገበያ ባዶ እግሩን ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው ለማንም ብርቅ አልነበረም፤ ለሮማ ተመልካች ግን ታላቅ ትንግርት ሆነ። ጀንበር ጠልቃ ወታደሮች በችቦ መንገዱን ሲያበሩ፥ በጠላት ወረራ ዘመን ተወስዶ በዚያ በቆመው የአክሱም ሐውልት አጠገብ አበበ ፍጥነቱን ጨምሮ ሞሮኳዊውን ተወዳዳሪ ራዲን ጥሎት ሄደ። 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትሩን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ጨረሰ። ሐውልቱም ከብዙ ዓመታት በኋላ በ1997 ዓ.ም. ወደ አገሩ ተመልሷል።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ሲሰለፍ የትርፍ አንጀት ቀዶ ጥገና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት እንኳ አልሞላውም ነበር። ይሁን እንጂ ሁለተኛውን ከአራት ደቂቃ በላይ ቀድሞ በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። የኦሎምፒክን ማራቶን ሁለት ጊዜ በማሸነፍም ከዓለም የመጀመሪያው ሆነ።

ከዚያ በኋላ ዕድል ፊቷን አዞረችበት። ጥቅምት 10 ቀን 1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ከተማ በእግሩ ሕመም ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ውድድሩን አቋረጠ፤ ድሉም የጓደኛው የማሞ ወልዴ ሆነ። በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር የሚነዳት ቮልስዋገን ተገልብጣ የአከርካሪ አጥንቱ ስለተጎዳ ዳግመኛ በእግሩ መቆም አልቻለም።

በእንግሊዝ አገር በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል ለወራት ታከመ። ሕክምናው እግሩን ባይመልስለትም አበበ ስፖርትን አልተወም። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቀስት መወርወር ተማረ፤ በ1962 ዓ.ም. በዚያው በስቶክ ማንደቪል በተደረገው የአካል ጉዳተኞች ውድድር ተካፈለ። በ1963 ዓ.ም. ደግሞ በእንግድነት ወደተጠራበት ወደ ኖርዌይ ሄዶ በቀስትና በጠረጴዛ ቴኒስ ተወዳደረ፤ በበረዶ ላይ መንሸራተቻ ጋሪ ውድድርም አሸነፈ። እግሮቹ የከዱት ሯጭ ክንዶቹን ይዞ እንደ አዲስ ጀማሪ መሰለፉ ከሮማው ድል የሚያንስ አይደለም።

ጳጉሜን 5 ቀን 1964 ዓ.ም.፥ ከሮማው ድል ልክ በአሥራ ሁለተኛው ዓመት፥ የጀርመኗ የሙኒክ ከተማ የኦሎምፒክ ማራቶን ሲደረግባት አበበ የክብር እንግዳ ሆኖ ተገኝቶ ነበር። አሸናፊው አሜሪካዊ ፍራንክ ሾርተርም ወደ እርሱ ቀርቦ እጁን ጨበጠው።

ሻምበል አበበ ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ ዐረፈ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና እጅግ ብዙ ሕዝብ በተገኙበት በአዲስ አበባ በቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ።

ፈተና የወደቀ ተማሪ፥ ወይም ከአሰበው ሥራ ወደ ሌላ የተዛወረ ወጣት ሠራተኛ፥ አንዱ በር ሲዘጋበት ሁሉም የተዘጋ ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ሰው ሮማንና ቶኪዮን ሲያስታውስ፥ ያችን ተሽከርካሪ ወንበርም አይርሳ።