ኪይቺሮ ቶዮዳ፤ የሞተርን ጉድለት ይሻ የነበረ መሐንዲስ

ከደመወዙ ለብዙ ዓመት አጠራቅሞ ያገለገለ የቤት መኪና ለመግዛት የሚነሣ ወጣት ሹም፥ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው የመኪናውን ስም ነው። ስሙ ቶዮታ ከሆነ ልቡ ያርፋል፤ ቀለሙ ካብረቀረቀለት ደግሞ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል። ነገር ግን የዚህ ስም ባለቤት የሆነው ሰው ራሱ፥ ሞተርን በስሙና በመልኩ የሚያምን ሰው አልነበረም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ በአገር ውስጥ ያሉት ያገለገሉ መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋሉ። ስለዚህ የዚህ ሰው ታሪክ ለተማሪም ለሹምም የሚጠቅም መስሎ ስለ ታየን፥ ዛሬ በአጭሩ እንተርካለን። ዓመታቱን ሁሉ ያስቀመጥነው በአገራችን አቈጣጠር ነው።

ኪይቺሮ ቶዮዳ በጃፓን አገር በሰኔ ወር 1886 ዓ.ም. ተወለደ። አባቱ ሳኪቺ ቶዮዳ የአናጢ ልጅ ሲሆን፥ የተወለደው በየካቲት 1859 ዓ.ም. ነው። ሳኪቺ ገና የስምንት ወር ሕፃን ሳለ፥ በእኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ በጋፋት ያሠሩትን ታላቁን መድፍ ሴባስቶፖልን ይዘው ከደብረ ታቦር ተነሡ፤ በጋይንት በኩልም አድርገው መቅደላ እስኪደርሱ ድረስ አስጎተቱት። በዚያን ጊዜ ሰው በትከሻውና በገመድ የወጣውን የጋይንትን አቀበት ዛሬ መኪና በሞተር ይወጣዋል። በዚያ አቀበት ላይ ግን ደካማው ሞተር ከብርቱው ይለያል።

ሳኪቺ ካደገ በኋላ የሸማ መሥሪያ መኪና ፈልሳፊ ሆነ። ከሥራዎቹ ሁሉ ይበልጥ ስሙን ያስጠራው፥ ክር ሲበጠስ በራሱ የሚቆም የሽመና መኪና ነው። ቀድሞ የሽመናው መኪና ክር ተበጥሶም ቢሆን መሥራቱን ስለማይተው፥ ሠራተኛው እስኪያየው ድረስ ብዙ ጨርቅ ይበላሽ ነበር። አዲሱ ግን ጕድለቱን ራሱ ይናገራል። ኪይቺሮም በ1917 ዓ.ም. ይህን መኪና በመፈጸም ረገድ አባቱን ረድቷል። መኪና ጕድለቱን መደበቅ የለበትም የሚለውን አሳብ ከአባቱ የወረሰው በዚህ ሥራ ነው።

ይህ አሳብ ለመኪና ገዢ እጅግ ይጠቅማል። በመሪው ፊት ለፊት ያሉት ትንንሽ መብራቶች የሞተሩ አንደበት ናቸው። ቍልፉ ሲዞር፥ ሞተሩ ሳይነሣ፥ የዘይቱና የሞተሩ መብራቶች መብራት ይገባቸዋል፤ ሞተሩ ሲነሣ ደግሞ መጥፋት አለባቸው። ቍልፉ ዞሮም የማይበራ መብራት ካለ አምፑሉ ተቃጥሏል፥ ወይም ሻጩ ሆን ብሎ ነቅሎታል። እንዲህ ያለው መኪና አፉ የተለጐመ ምስክር ነውና መጠራጠር ይገባል።

ኪይቺሮ በ1912 ዓ.ም. ከቶኪዮ የንጉሠ ነገሥት ዩኒቨርሲቲ በመካኒክ ምሕንድስና ተመርቆ ወጣ። ቀጥሎም ወደ አሜሪካና ወደ እንግሊዝ ተጕዞ ፋብሪካዎችን ጐበኘ። በ1922 ዓ.ም. ፕላት ብራዘርስ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ የሽመናውን መኪና የባለቤትነት መብት በ100 ሺህ ፓውንድ ለመግዛት ተዋዋለ። በዚያ ዘመን በጃፓን አገር መንገድ ላይ የሚታዩት መኪናዎች አብዛኞቹ የፎርድና የጄኔራል ሞተርስ ነበሩ። ኪይቺሮ ግን አገሩ የራሷን መኪና መሥራት አለባት ብሎ ተነሣ፤ በ1925 ዓ.ም. መጨረሻ ላይም በሽመና መኪናው ፋብሪካ ውስጥ የአውቶሞቢል ክፍል አቋቋመ።

የመጀመሪያ ሥራው አንድ የአሜሪካ ሼቭሮሌ ገዝቶ እያንዳንዱን ብሎን መፍታት ነበር። ከዚያም ባለ 6 ሲሊንደር ሞተር ሊሠራ ተነሣ። ብረቱ ቀልጦ ሲፈስ ግን በውስጡ የአየር ቀዳዳ እየተፈጠረ፥ በመቶ የሚቈጠሩ የሲሊንደር አካሎች ተጣሉ። በ1927 ዓ.ም. መጀመሪያ ሞተሩ ተፈጸመ፤ ነገር ግን ጕልበቱ ከሼቭሮሌው አነሰ። ኪይቺሮ ይህን አልሸሸገም። ጕድለቱ የተገኘው ከሲሊንደሮቹ በላይ በሚከደነው ክፍል፥ መካኒኮቻችን ቴስታታ በሚሉት ላይ ነበር። ቴስታታው እንደገና ተቀርጾ ሲሠራ ሞተሩ ከ60 የፈረስ ጕልበት በላይ ሊሰጥ ቻለ።

እኛም ሞተር ስንመረምር ዓይናችን በዚህ ክፍል ላይ ሊያርፍ ይገባል። በቴስታታውና በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ጓርኒሲዮን ከተቃጠለ ውሃና ዘይት ይቀላቀላሉ። የዘይቱ ክዳን ሲከፈት ወተት የመሰለ ነገር ከታየ፥ ወይም ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ ራዲያተሩ ተከፍቶ በውሃው ላይ ዘይት ከተንሳፈፈ፥ ምልክቱ ይህ ነው። ጭሱም ይናገራል። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መቃጠሉን ያሳያል፤ ፋሻው፥ ማለት በፒስቶኑ ዙሪያ ያለው ቀለበት፥ አልቆ ሊሆን ይችላል። ጥቍር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ያመለክታል። ነጭ ጭስ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ውሃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን ያስጠረጥራል። በንፋስ መውጫ ወይም በደብረ ታቦር ብርድ ጧት ለጥቂት ጊዜ ታይቶ የሚጠፋ ነጭ እንፋሎት ግን የሚያስፈራ አይደለም። ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ በጋራዥ የሚደረገው የኮምፕሬሲዮን ልኬት ነው፤ የአንዱ ሲሊንደር ልክ ከሌሎቹ በእጅጉ ካነሰ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም።

በነሐሴ 1927 ዓ.ም. የኪይቺሮ የመጀመሪያ የጭነት መኪና ተሠርቶ ተፈጸመ። ለገበያ ከቀረበ በኋላ ግን በመንገድ ላይ ደጋግሞ ይሰበር ነበር። ኪይቺሮ በዚህ አፍሮ አልተደበቀም። የተሰበረውን ክፍል ኩባንያው ይለውጥ ነበር፤ የእያንዳንዱም ስብራት ምክንያት እየተጠና የሚቀጥለው መኪና ይታረም ነበር። መኪናን በፋብሪካ ግቢ ውስጥ ሳይሆን ኰረብታና ጠጠር ባለበት መንገድ መፈተን እንደሚገባ ሥራው አስተማረው። በ1929 ዓ.ም. መጀመሪያ የመጀመሪያው የቤት መኪና ለሕዝብ ታየ። ኩባንያውም በነሐሴ 1929 ዓ.ም. ለብቻው ቆመ፤ ስሙም ከቤተ ሰቡ ስም ጥቂት ተለውጦ ቶዮታ ተባለ።

የእስቴ፥ የስማዳ ወይም የጋይንት ሰው መኪና ሲገዛ ይህን መፈተኛ ከደጁ ያገኘዋል። ባሕር ዳር ላይ በሜዳ የተነዳ መኪና ሁሉ ደኅና ይመስላል። ከፍታው ወደ 3,000 ሜትር በሚጠጋበት በጕና ዙሪያ ግን አየሩ ይሳሳል፤ ከባሕር ጠረፍ ጋር ሲነጻጸር ሩብ ያህል ይቀንሳል። ደኅናው ሞተር እንኳ ጥቂት ይደክማል፤ ኮምፕሬሲዮኑ ያለቀው ግን ትንፋሹ ያጥረዋል። ስለዚህ ገዢ በጧት፥ ሞተሩ በቀዘቀዘበት ሰዓት ይሂድ። ኮፋኖውን በእጁ ዳስሶ ሙቀት ካገኘ ሻጩ አስቀድሞ አስነሥቶታልና በሌላ ቀን ይመለስ። ከዚያም አቀበት ያውጣው፤ የሙቀት መለኪያውን ይመልከት፤ ሲመለስ ጐንበስ ብሎ ከሥር የሚንጠባጠብ ዘይት መኖሩን ይይ። የተጓዘው ኪሎ ሜትር ቍጥር ወደ ኋላ ሊመለስ ስለሚችል በእርሱ ብቻ አይመን።

ከጦርነቱ በኋላ ኩባንያው በገንዘብ እጦት ተጨነቀ። ኪይቺሮ ሠራተኛ ላለማሰናበት የገባውን ቃል መጠበቅ ስላልቻለ፥ በ1942 ዓ.ም. ኀላፊነቱን በራሱ ላይ ወስዶ ከፕሬዚዳንትነቱ ወረደ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ወደ ሥራው እንዲመለስ ተለመነ፤ ነገር ግን በመጋቢት 18 ቀን 1944 ዓ.ም. በ57 ዓመቱ ሞተ። በብዙ አገር መንገድ የተሞላውን ኮሮላን አላየም፤ ኮሮላ የወጣው በ1959 ዓ.ም. ነውና።

ኪይቺሮ ያተረፈው ስም በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በመቶ ከሚቈጠሩ የተጣሉ ብረቶችና በመንገድ ላይ ከተሰበሩ መኪናዎች የተለቀመ ነው። ያ ስም ግን ሃያና ሠላሳ ዓመት በብዙ እጅ ለዞረ፥ ዘይቱ በጊዜው ላልተለወጠለት ሞተር ዋስ ሊሆን አይችልም። የሰውየውን መኪና የሚመኝ ወጣት የሰውየውንም ልማድ ይያዝ፤ ገንዘቡን ከመቍጠሩ በፊት የሞተሩን ጕድለት ይፈልግ። ፈልጎ ያገኘውን ጕድለት ዋጋ አስቀንሶ ያስጠግነዋል፤ ሳይፈልግ የቀረውን ግን የዓመታት ደመወዙን ይከፍልበታል።