ዣን ዴሌና ረኀብን የሚቀሰቅሰው መድኃኒት

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚጓዝ ሰው በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ያልፋል። በዚያ ለሚኖር አንድ የአእምሮ ሕመምተኛ ክሎርፕሮማዚን የተባለው ክኒን ቢታዘዝለት፣ የክኒኑ ታሪክ ሲመረመር ፓሪስ ያደርሰናል። ስለዚህ ጥቅሙን ለዓለም ካስታወቁት ሊቃውንት አንዱ ስለ ሆኑት ስለ ፕሮፌሰር ዣን ዴሌ ለአንባብያን ጥቂት ልናቀርብ ወደድን። ዘመኑን የምንቈጥረው እንደ አውሮፓውያን ነው።

ዴሌ በ1907 ባዮን በምትባል የፈረንሳይ ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ፤ ልጃቸው ግን የአእምሮን ሕክምና መረጡ፤ ፍልስፍናም ጨመሩበት። በ1946 በፓሪሱ በሳንት አን ሆስፒታል ፕሮፌሰር ሆኑ።

በዚያን ጊዜ ለጸና የአእምሮ ሕመም የነበረው ሕክምና ኤሌክትሪክ፣ ሕመምተኛው ራሱን እስኪስት የሚወጋው ኢንሱሊን፣ አልፎም አንጎልን መቍረጥ ነበር። አንሪ ላቦሪ የተባሉ የባሕር ኃይል ሐኪም ግን ክሎርፕሮማዚን የሚሰጣቸው የቀዶ ጥገና በሽተኞች ሳይተኙ ረጋ እንደሚሉ አስተዋሉ። በ1952 ዴሌና ረዳታቸው ፒየር ዴኒከር መድኃኒቱን ከሌላ ሳይቀላቅሉ ለአእምሮ ሕመምተኞች ሰጡ። ሲጮኽና ሲታገል የነበረው ሰው ተረጋግቶ ይነጋገር ጀመር። በ1957 ታላቁ የአሜሪካ የላስከር ሽልማት ለላቦሪና ለዴኒከር ሲሰጥ ዴሌ አልተጨመሩም፤ እኛ እንደሚመስለን ይህ ቅር ሳያሰኛቸው አልቀረም።

ዴሌ ደራሲም ነበሩ፤ ስለ አንድሬ ዢድ ወጣትነት ሁለት ቅጽ መጽሐፍ ጽፈው በ1959 የፈረንሳይ አካዳሚ አባል ሆኑ። በ1968 ያመጹ ተማሪዎች ቢሯቸውን ያዙባቸው። ተማሪው አንባቢያችን በዚህ ነገር ለማን እንደሚፈርድ እንጃ! በ1987 ዐረፉ።

መድኃኒቱ ግን ሌላ ጠባይ ነበረው። አእምሮን ሲያረጋጋ የምግብ ፍላጎትን የሚገዙትንም የአንጎል መልእክቶች ይነካል። ሕመምተኛው በልቶ አይጠግብም፤ ይወፍራል፤ የደሙ ስኳርና ስብ ከፍ ይላል፤ ውሎ አድሮ የስኳር በሽታና የልብ ሕመም ሊከተለው ይችላል። የክብደቱን ነገር ሐኪሞች ገና በ1950ዎቹ ጽፈውታል። ከዚያ ወዲህ የመጡት ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን በዚህ በኩል ይብሳሉ።

በአገራችን ነገሩ ሌላም መልክ አለው። በቡታጅራ አካባቢ ተደርጎ በ2013 የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሕመምተኞች መድኃኒቱን ከሚያቋርጡባቸው ምክንያቶች አንዱ የሚቀሰቅሰውን ረኀብ የሚያስታግሥ በቂ ምግብ ማጣት ነው። በአምባ ጊዮርጊስም ቢሆን የክረምቱ ወር ገብቶ ጎተራው ሲጐድል፣ ከቤተ ሰቡ ድርሻ እጥፍ የሚበላ ልጅ ያለው ገበሬ ምን ያድርግ? ክኒኑን ቢያስተወው ሕመሙ ሊያገረሽ ነው። ቢያስውጠው ደግሞ ታናናሾቹ እየራባቸው ሊያድሩ ነው።

ሐኪሙ የመድኃኒቱን መጠን ሊቀንስ፣ በሌላ ሊለውጥ፣ ሜትፎርሚን የተባለውንም ሊጨምርበት ይችላል፤ ይህን ለማድረግ ግን ሕመምተኛው በሚዛን መመዘን፣ ስኳሩም መለካት አለበት፤ ቤቱ ምን እንደሚበላም መጠየቅ ይገባል።