ልዕልት ፀሐይ

ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ነበሩ። የተወለዱትም በጥቅምት ወር በ1912 ዓ.ም. ነው። በ1928 ዓ.ም. ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ከሴቶች ማኅበር ጋራ ሁነው ለወታደሮች ልብስና የቍስል መጠቅለያ፣ ከመርዝ ጢስ የሚከላከልም የጨርቅ ጭምብል ያዘጋጁ ነበር። ለቈሰለ ሰው አንዲት ቍራጭ ጨርቅ ትንሽ ነገር አይደለችም።

ከዚያም በስደት ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። የንጉሥ ልጅ ሲሆኑ፣ በሎንዶን በሕፃናት ሆስፒታል የአስታማሚነትን ሥራ ተማሩ።

ሕፃን ለስላሳ ጨርቅ ይሻል። ይህን የናዝሬትና የሞጆ እናቶችም ያለ ትምህርት ቤት ያውቁታል። ያረጀ ነጠላ ከአዲሱ ይልቅ ለስላሳ ስለ ሆነ አይጥሉትም። ያልተቀደደውን ወገን ቈርጠው፣ ቀቅለው አጥበው፣ በፀሐይ አድርቀው የሕፃን መጠቅለያ ያደርጉታል፤ የቀረው ለእንጀራ መሸፈኛ፣ ብጣሹም ለመወልወያ ይሆናል። ያልተቀቀለ ጨርቅ ግን በቍስል ላይ አይደረግም፤ እድፍ የነካው ቍስል ያመረቅዛልና።

ልዕልት ፀሐይ በ1933 ዓ.ም. ወደ አገራቸው ተመልሰው በደሴ ሆስፒታል ሕመምተኞችን አስታመሙ። በ1934 ዓ.ም. ትዳር ያዙ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር በነቀምት ከተማ፣ በወሊድ ምክንያት፣ በ22 ዓመታቸው ዐረፉ። በአዲስ አበባም በስማቸው ሆስፒታል ተሠራ።