የተዘጋ መንገድና የእግዚአብሔር ምሪት

በጸሎት ጉባኤያችን ደጋግመን የምንሰማው አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም የእግዚአብሔርን ምሪት በምን እናውቃለን? የሚል ነው። ብዙዎቻችን ያሰብነው ሲሳካ ጌታ መራን እንላለን፤ ሳይሳካ ሲቀር ግን የተወን ይመስለናል። የአናሲሞስ ነሲብ ሕይወት ይህን አሳባችንን መልሰን እንድንመረምር ያደርገናል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አናሲሞስ በ1856 ገደማ በኢሉባቦር፣ በሁሩሙ አጠገብ ተወለዱ። የልጅነት ስማቸው ሂካ ሲሆን፣ በኦሮምኛ ተርጓሚ እንደ ማለት ነው። ገና በሕፃንነታቸው አባታቸው ሞቱባቸው። ከዚያም የባሪያ ነጋዴዎች ከእናታቸው ነጥቀው ወሰዷቸው፤ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው እየተሸጡም ምጽዋ ደረሱ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ነፃ አወጣቸውና በእምኩሉ ወደሚገኘው የስዊድን ወንጌላዊ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። በ1872 በትንሣኤ ዕለት ተጠመቁ። የክርስትና ስማቸውም ሐዋርያው ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት የምናውቀው የዚያ ባሪያ ስም ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባናል። ሕፃን ሰርቆ መሸጥ ክፉ ሥራ ነው፤ የእግዚአብሔር ምሪት ብለን ልንጠራው አይገባንም። ክፋቱ የሰዎች ነው። እግዚአብሔር ግን ክፉ ሰዎች በጣሉት ልጅ ላይ የመጨረሻውን ቃል ለእነርሱ አልተወም።

አናሲሞስ አንድ ጽኑ ምኞት ነበራቸው፤ ወደ ወገኖቻቸው ተመልሰው ወንጌልን በገዛ ቋንቋቸው መንገር። ለዚህም በስዊድን አገር አምስት ዓመት ተምረው በ1881 ተመለሱና ከባልንጀሮቻቸው ጋር በሱዳን በኩል ጉዞ ጀመሩ። ወደ ድንበሩ ቢቃረቡም ማለፍ አልቻሉም፤ በሱዳንም የመሐዲስቶች ዐመፅ ተነሥቶ ነበር። በ1882 ወደ ካርቱም፣ ከዚያም ወደ እምኩሉ ተመለሱ። ለሁለተኛ ጊዜ በሸዋ በኩል ሞክረው እስከ እንጦጦ ዘለቁ። ነገር ግን ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የውጭ ሚሲዮናውያንን ከልክለው ስለ ነበር ንጉሥ ምኒልክ ሊፈቅዱላቸው አልቻሉም። በ1886 ዳግመኛ ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

እኛ ብንሆን ምን እንል ነበር? ምናልባት ጥሪው ከጌታ አልነበረም ብለን እንተወው ነበር። አናሲሞስ ግን ከፊታቸው ያለውን ሥራ ያዙ። ወደ ወገኖቻቸው መሄድ ባይችሉም መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ቋንቋቸው መመለስ ይችሉ ነበር። ይሁን እንጂ ከአገራቸው የወጡት በልጅነታቸው ስለ ሆነ የቋንቋው ሀብት አጠራቸው። በዚያው በ1886 አስቴር ጋኖ የተባሉ ወጣት ከባሪያ መርከብ ነፃ ወጥተው እምኩሉ ደረሱ። እኒህ እኅት 15,000 ያህል የኦሮምኛ ቃላት አሰባሰቡ፤ ተረቱንና ምሳሌያዊ አነጋገሩንም ጻፉ፤ በትርጉሙም ሥራ ደከሙ። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 በግዕዝ ፊደል ታተመ። የመጀመሪያው ጉዞ ተሳክቶ ቢሆን ኖሮ አናሲሞስ አስቴር በደረሱ ጊዜ በእምኩሉ ባልተገኙም ነበር።

በመጨረሻም በ1904 ነቀምቴ ገቡ። ከመጀመሪያው ሙከራ 23 ዓመት አልፎ ነበር! አሁን ግን የመጡት መጽሐፉን ይዘው ነው። መንገዱ ከዚያም በኋላ አልተደላደለም፤ ክስ ቀርቦባቸው ከ1906 ጀምሮ እንዳይሰብኩ ታገዱ። በ1916 ፈቃድ እስኪያገኙ ድረስ በማስተማር ተወስነው ቆዩ። በ1931 በነቀምቴ ዐረፉ።

ከዚህ ሕይወት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ የተዘጋ መንገድ ሁልጊዜ እንቢታ አይደለም፤ ጳውሎስም ወደ ቢታንያ እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር ወደ መቄዶንያ የተሻገረው። ሁለተኛ፣ ምሪት ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ወደ ኋላ ዘወር ብለን ስናይ ነው። አናሲሞስ በ1886 ከእንጦጦ ሲመለሱ የ1899ኙን መጽሐፍ አላዩም፤ ያዩት የዕለቱን ሥራ ብቻ ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፣ ከመካከላችን ፈተና ያላለፈ፣ ሥራ ፈልጎ ያጣ፣ የታመመ ወላጁን ለማስታመም ትምህርቱን ያቋረጠ አለ። የተዘጋው በር ሁሉ ከ23 ዓመት በኋላ ይከፈታል ብለን ተስፋ ልንሰጥ አንችልም። ነገር ግን የምንጠብቅበት ስፍራ ከእግዚአብሔር እጅ ውጭ አይደለም። ስለዚህ በሩ እስኪከፈት እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። እናታችን የላከችንን፣ መምህራችን ያዘዘንን፣ ማኅበራችን የሰጠንን ትንሽ ሥራ በታማኝነት እንሥራ። እየጸለይን፣ ቃሉን እያነበብን፣ በእምነት የቀደሙንንም ምክር እየጠየቅን እንቆይ። ጌታ እርምጃችንን ያቅና፤ አሜን።