ወታደር የገበሬ ጎተራ እንዳይነካ፦ ዐፄ ቴዎድሮስና በጌምድር

ወረታ ላይ ከባሕር ዳር ጎንደር አስፋልት ተገንጥሎ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ ወልድያ የሚደርሰውን የቻይና መንገድ ያልተመላለሰበት ተመራቂ በመካከላችን ብዙ አይገኝም። ጨጨሆን ስታልፉ ግን፣ ቻይኖቹ ከመምጣታቸው ከመቶ ዓመት በፊት በዚያው በኩል ድንጋይ እያስፈነቀሉ መንገድ ያስጠረጉ ንጉሥ እንደነበሩ አስቡ። ስለ መቅደላው ፍጻሜ ብዙ ተጽፏል። ይህ ጽሑፍ የሚከተለው ወታደሩን ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የገጠመው ጥያቄም አንድ ነበር፤ ወታደር ምን ይብላ?

ካሣ ኃይሉ በ1811 ዓ.ም. ገደማ ቋራ ውስጥ ተወለደ። አባቱ ቀድመው ሞቱ፤ እናቱ ወይዘሮ አትጠገብም ከመቸገራቸው የተነሣ ኮሶ ሻጭ የሚል ስድብ ወጣላቸው፤ ስድቡ ልጃቸውን እስከ ጦር ሜዳ ተከትሎታል። ለትምህርት የገባበት ገዳም በጦር ተመትቶ ጓደኞቹ ሲያልቁ እሱ አመለጠ። ጦር ምን እንደሚያደርግ ያየው እንግዲህ ገና በልጅነቱ ነው። ከዚያ በደጃዝማች ክንፉ ቤት ወታደርነትን ተማረ፤ ቆይቶም ሸፈተ። ቋራ በረሃ ሳለ ከዘረፋ ያገኘውን ለገበሬ እያካፈለ እረሱበት ይል እንደነበር ይተረካል።

የራስ ዓሊን ልጅ ተዋበችን አግብቶ ደጃዝማች ቢባልም ከአማቱ ጋር አልሰነበተም። በ1840 ደባርቂ ላይ የግብፆች መድፍ ክፉኛ መታው፤ የመድፍ ፍቅሩን ብዙዎች ከዚያ ቀን ያያይዙታል። 1845 ግን የእሱ ዓመት ሆነ፤ በኅዳር ጉር አምባ ላይ ደጃዝማች ጎሹን፣ በሚያዝያ ታቁሳ ላይ የራስ ዓሊን አዝማቾች፣ በሰኔ አይሻል ላይ ራሱን ራስ ዓሊን አሸነፈ። በየካቲት 1847 ደረስጌ ላይ ደጃዝማች ውቤን ድል አድርጎ በአቡነ ሰላማ እጅ ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ ነገሠ። ከዚህ ወዲያ አንቱ እንበላቸው።

በዘመነ መሳፍንት ሠራዊት ደመወዝ አልነበረውም፤ ደመወዙ ገበሬው ነበር። በየቤቱ ይመራል፣ ጎተራ ይከፍታል፣ በሬ ያርዳል። ከጎንደር ደብረ ታቦር የሚመላለስ ጦር ሁሉ ደግሞ ለፎገራ ሜዳ ጎረቤት ነው። ያኔ ሩዝ የለም (ሩዙ የኛ ዘመን እንግዳ ነው)፤ ላሟ ግን ነበረች፤ ለተራበ ጦር ከፎገራ ላም የሚበልጥ ምን አለ? ዐፄ ቴዎድሮስ ይህን ለማስቀረት ተነሡ። የየአገሩን ወታደር ቀላቅለው በአንድ አዛዥ ሥር አደረጉ፤ አሥር አለቃ፣ አምሳ አለቃ፣ መቶ አለቃ፣ ሻለቃ የሚለው ተዋረድ በእሳቸው ጊዜ መልክ ያዘ። ደመወዝ ሊቆርጡለትም ጀመሩ። የእኔ ፍርድ ከተጠየቀ፣ ከሴባስቶፖል መድፍ ይልቅ ትልቁ ሐሳባቸው ይህ ነበር።

ደመወዙ ግን ከየት ይምጣ? ከቤተ ክርስቲያን መሬት ሊያመጡ አሰቡ፤ ለአንድ ደብር ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ይበቃል፣ የቀረው ለሠራዊቱ ይሁን አሉ። ካህናቱ ፊታቸውን አዞሩባቸው፤ ሕዝቡም ካህናቱን ተከተለ። ዓመፅ ከትግሬ እስከ ሸዋ ተነሣ፤ ግብር የሚያስገባው አገር በየዓመቱ ጠበበ። በመጨረሻ የቀራቸው በጌምድር ነበር፤ በጌምድርም ብቻውን ያን ሁሉ ጦር ሊቀልብ አልቻለም።

በ1858 ዘጌና ቆራጣ የሰፈረው ሠራዊት ኮሌራ ገባበት። ክረምቱ ሲገባ ከጣና ዳር ወደ ደብረ ታቦር ደጋ ሸሹ፤ እስረኞቹ አውሮፓውያንም አብረው ተጓዙ። በ1859 ጎንደር ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። የበጌምድር ገበሬ እህሉን እየቀበረ፣ ከብቱን እያሸሸ ከራሱ ንጉሥ ተደበቀ፤ ንጉሡም ያን የመሰለውን ሕጋቸውን በገዛ እጃቸው አፈረሱት። አብሯቸው የተዋጋው ወታደር ሳይቀር ሌሊት ሌሊት ይከዳ ጀመር።

በዚሁ መካከል ጋፋት ላይ እሳት አልጠፋም። ሚስዮናውያን የእጅ ባለሙያዎች መድፍ ያፈሱ፣ ወጣት ኢትዮጵያውያንም ከሥራቸው ይማሩ ነበር። በጥቅምት 1860 ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በሰው ጉልበት እያስጎተቱ ጉዞ ጀመሩ። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ ያነሡ ነበር። መቅደላ ሲደርሱ መጋቢት ሆኖ ነበር፤ ግማሽ ዓመት ያህል ፈጀባቸው።

የጄኔራል ናፒየር ጦር በዚያው ሰሞን ከቀይ ባሕር እየወጣ ነበር። እንግሊዞቹ ለገብስም፣ ለሣርም፣ ለከብትም በማርያ ቴሬዛ ብር ይከፍሉ ስለነበር ገበሬው እየነዳና እየተሸከመ ያቀርብላቸው ነበር፤ መንገዳቸውን የዘጋ የለም። አሮጌ ላይ በስቅለት ዕለት ውጊያው ተደረገ። በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ በገዛ ሽጉጣቸው ሞቱ። አጠገባቸው የቀሩት ጥቂት ታማኞች ነበሩ።