ገርትሩድ ኤልዮን፦ ካንሰሩንም የመድኃኒቱንም ጦስ የተጋፈጡ ኬሚስት

በሕፃናት የደም ካንሰር ሕክምና ውስጥ አንድ ተቃርኖ ጎልቶ ይታያል፤ መድኃኒቱ የካንሰር ሕዋሳትን በፍጥነት በገደለ መጠን ታማሚውን ሕፃን ለሌላ የሞት አደጋ ሊያጋልጠው ይችላል። የዚህን ተቃርኖ ሁለቱንም ገጽታዎች በምርምራቸው ከዳሰሱት አንዷ አሜሪካዊቷ ኬሚስት ገርትሩድ ኤልዮን ናቸው።

ኤልዮን እ.ኤ.አ. በ1918 በኒውዮርክ ከተማ ከስደተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። የ15 ዓመት ልጅ ሳሉ አያታቸው በጨጓራ ካንሰር መሞታቸው የወደፊት ሕይወታቸውን አቅጣጫ ወሰነ። በ1937 ከሃንተር ኮሌጅ በኬሚስትሪ በከፍተኛ ማዕረግ ቢመረቁም፣ ሴት በመሆናቸው የምርምር ሥራ በር ለዓመታት ተዘግቶባቸዋል። በ1941 ከኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ ዲግሪ ካገኙ በኋላ፣ በ1944 በበሮውስ ዌልካም ኩባንያ የጆርጅ ሂቺንግስ ረዳት ሆኑ። በትርፍ ሰዓት የጀመሩትን የዶክትሬት ትምህርት ግን ሥራቸውን ካልለቀቁ መቀጠል እንደማይችሉ ስለተነገራቸው አቋረጡት።

ሁለቱ ተመራማሪዎች የተነሡበት ሐሳብ ግልጽ ነበር፤ በፍጥነት የሚባዛ ሕዋስ ኑክሊክ አሲድ ለመሥራት ፑሪን ያስፈልገዋል። ስለዚህ ፑሪንን የሚመስል ሐሰተኛ ውሕድ ቢቀርብለት መባዛቱ ይገታል። ከዚህ ሐሳብ የተገኘው መርካፕቶፑሪን በ1953 ለሕፃናት የደም ካንሰር ተፈቀደ። ብቻውን ሲሰጥ የሚያስገኘው ፋታ አጭር ነበር፤ ሕመሙ ያገረሽ ነበር። ዘላቂ ፈውስ የመጣው በኋላ መድኃኒቶች ተቀናጅተው መሰጠት ሲጀምሩ ነው።

ይሁን እንጂ ብዛት ያላቸው የካንሰር ሕዋሳት በአንድ ጊዜ ሲፈራርሱ በውስጣቸው ያለው ፖታሲየም፣ ፎስፌትና ኑክሊክ አሲድ ወደ ደም ይፈስሳል። ፎስፌቱ ከካልሲየም ጋር ስለሚጣመር የደም ካልሲየም ይቀንሳል። ከኑክሊክ አሲዱ የሚመነጨው ዩሪክ አሲድ በኩላሊት ቱቦዎች ውስጥ ጠጥሮ ሽንትን ያግዳል። ኩላሊት ሲደክም ፖታሲየም በደም ውስጥ ይከማቻል፤ የልብ ምትም ተዛብቶ ሊቆም ይችላል።

የኤልዮን ሁለተኛ አስተዋጽኦ እዚህ ላይ ነው። አሎፑሪኖል በመጀመሪያ የተፈተነው ዛንቲን ኦክሲዴዝ የተባለውን ኢንዛይም በመግታት የመርካፕቶፑሪንን መሰባበር ለማዘግየት ነበር። ይኸው ኢንዛይም ዩሪክ አሲድንም ስለሚሠራ፣ ውሕዱ የዩሪክ አሲድን መጠን በጉልህ መቀነሱ ታየ፤ በ1966ም ለሕክምና ተፈቀደ። በአንጻሩ ሁለቱ መድኃኒቶች አብረው ሲሰጡ የመርካፕቶፑሪን መጠን ወደ ሢሶ ወይም ሩብ ካልተቀነሰ መርዛማነቱ ይበረታል።

አሎፑሪኖል አዲስ ዩሪክ አሲድ እንዳይፈጠር ይከላከላል እንጂ ቀድሞ የተጠራቀመውን አያስወግድም፤ ፖታሲየምንና ፎስፌትንም በቀጥታ አይቀንስም። በመሆኑም በቂ ፈሳሽ መስጠትና የደም ኤሌክትሮላይትን በየሰዓታቱ መከታተል ዛሬም የሕክምናው ምሰሶ ነው።

ኤልዮን በ1988 ከሂቺንግስና ከጄምስ ብላክ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1999 አረፉ። ሽልማቱን ሲቀበሉ በትምህርት ያገኙት ከፍተኛ ዲግሪ ያው የማስተርስ ዲግሪያቸው ነበር። የሥራቸው ፋይዳ ግን በአንድ መድኃኒት አይወሰንም፤ ካንሰርን የሚገድልና የሕዋሳቱ ሞት የሚያስከትለውን ጉዳት የሚከላከል ዕውቀት ከአንድ የምርምር መሥመር ሊመነጭ እንደሚችል አሳይተዋል።