መታዘዝን የተማሩት ልዕልት

ልዕልት ፀሐይ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴና የእቴጌ መነን ልጅ ነበሩ። የተወለዱትም በ1912 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ነው።

በ1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አገራችንን በወረረ ጊዜ፥ ልዕልት ፀሐይ ከሌሎች ሴቶች ጋር ሆነው ለቁስለኞች ፋሻ ያዘጋጁ ነበር። በዚያው ዓመት ከአባታቸው ጋር ተሰደው ወደ እንግሊዝ አገር ሄዱ። ነገር ግን የስደቱን ዘመን በከንቱ አላሳለፉትም። በለንደን ከተማ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት በሚባለው የሕፃናት ሐኪም ቤት ገብተው የአስታማሚነትን ሙያ መማር ጀመሩ።

በዚያ ዘመን የአስታማሚነት ተማሪ ሥራዋ ብዙ ነበር። አልጋ ታነጥፋለች፤ ዕቃ ታጥባለች፤ ሌሊት ሕመምተኛውን ትጠብቃለች። ሲነጋም ያየችውን ሁሉ ለአለቃዋ ትናገራለች። በአባታቸው ቤት ሌላው ይታዘዛቸው የነበሩት ልዕልት በዚህ ስፍራ ታዛዥ ሆኑ። ትምህርታቸውንም ሳያቋርጡ ፈጽመው በ1931 ዓ.ም. የአስታማሚነት ማዕርግ ተቀበሉ።

ጠላት ከአገር ከወጣ በኋላ ተመልሰው ወገናቸውን በሙያቸው አገለገሉ። ምኞታቸውም በኢትዮጵያ ሕመምተኛ ሁሉ መልካም ሕክምና እንዲያገኝ ነበር። ነገር ግን ባገቡ በጥቂት ወራት ውስጥ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም. በለቀምት ዐረፉ። ዕድሜያቸውም ገና 22 ዓመት ነበር።

ምኞታቸው ግን ከእርሳቸው ጋር አልተቀበረም። ሲልቪያ ፓንክረስት የተባሉ እንግሊዛዊት ወይዘሮ ከወዳጆቻቸው ጋር ገንዘብ አሰባሰቡ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1951 በልዕልት ፀሐይ ስም የተሠራው ሐኪም ቤት በአዲስ አበባ ተከፈተ። በእርሱም ውስጥ ኢትዮጵያውያን አስታማሚዎች ይማሩ ነበር። ዛሬ ይህ ሙያ በብዙ ከተሞች ይሰጣል፤ በሐዋሳም ዩኒቨርሲቲው አስታማሚዎችን ያስተምራል።

ልጆች ሆይ፥ ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? በሐኪም ቤት ሌሊቱን ከሕመምተኛው አጠገብ የምታድረው ታናሺቱ አስታማሚ ናት። የትኩሳቱን መጨመርና የትንፋሹን መድከም አስቀድማ የምታየው እርስዋ ናት። አለቃዋ ቍጡ ቢሆን ፈርታ ዝም ትላለች፤ በዝምታዋም ሕመምተኛው ሊሞት ይችላል። አለቃዋ ግን በትሕትና የሚሰማትና በግልጥ ቃል የሚያዝዛት ቢሆን፥ ደፍራ ትናገራለች፤ ሥራዋንም በደስታ ትፈጽማለች፤ ነፍስም ታድናለች።

ስለዚህ ሌላውን ሊያዝዝ የሚወድ ሰው አስቀድሞ መታዘዝን ይማር። የሥራውን ድካም በእጁ ያወቀ አለቃ የሠራተኛውን ድካም አይንቅም። ጌታችንም የደቀ መዛሙርቱን እግር በማጠቡ ታላቅነት በማገልገል እንደሚገኝ አሳይቶናል።